የእድሩ ሰታቴ በእማዬ ክፍል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አልመልሳቸውም። ይኸው ጻፍኩት። ነገ ልቤ ከራራ ይህን መስመር አንብቤ ልፈር።

ከምሠራበት ክሊኒክ ተመልሼ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ በሬ አይታይም። ሁለት ሰታቴና አንድ ወፍራም የብረት ድስት ከነክዳናቸው ተደርድረው ዘግተውታል። አዲስ ናቸው፤ ሆዳቸው ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ትልቁ ሰታቴ ውስጥ ተጣጥፌ ብገባ ክዳኑ ይገጥማል። በጎን ሾልኬ በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ ቁልፉ አስቸገረኝ። የራሴ ከጠፋብኝ ወዲህ የምይዘው የእማዬን ቁልፎች ነው። ሦስት ናቸው፦ የበሩ፣ የቁም ሳጥኗ፣ እና ምን እንደምትከፍት የማላውቃት አንዲት ቢጫ። ስቸኩል ሁልጊዜ እጄ ላይ የምትመጣው ቢጫዋ ናት። ዛሬም እሷው መጣች።

የብረት ድስቱን በእግሬ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። የተጎዳው የኔው ጣት ነው።

የፊት ለፊት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደምሴ ናቸው ያመጡት አለችኝ። ጋሽ ደምሴ የመርካቶው ነጋዴ የሚልካቸው የዳማስ ሹፌር ናቸው፤ የእድራችን ዕቃ ሁሉ የመጣው በሳቸው መኪና ነው። እማዬ ዐሥራ አንድ ዓመት የእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበረች። የተገዛ ነገር በሙሉ መጀመሪያ እኛ ቤት ይወጣል። እሷ በቀለበቷ ኳ ኳ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፣ ቂጡን ወደ ብርሃን አዙራ ታያለች፣ የረካች እንደሆነ ከጋራ መሰብሰቢያችን፣ ከኮሙናሉ ሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ይወርዳል። አሁን እድሩ አዲስ ድስት አዝዞ "እንደተለመደው ላኩልን" ብሏል ማለት ነው። ጋሽ ደምሴም እንደተለመደው አመጡ። እማዬ በመጋቢት መሞቷን አልሰሙም።

አልነገርሻቸውም ወይ አልኳት።

"ሰው ሸክም ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ መርዶ ይነገረዋል እንዴ?" አለችኝ። "'እትዬ ወርቄ ስትመጣ ትያቸው' አሉኝ። እሺ አልኩ።"

እሺ አለች! ለሞተ ሰው ዕቃ ተረከበች።

እየጎተትን እማዬ ክፍል አስገባናቸው። የኮሪደሩ ቀለም ተፋቀ። ነገ ለእድሩ ትደውያለሽ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት።

አልደውልም። ለምን እንደማልደውል እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩም፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። እማዬ በሞተች ዕለት እድሩ ድንኳን ተከለ፣ አግዳሚ አመጣ፣ ድስት ግን አላመጣም። ይመጣል፣ ይመጣል እያሉ ቀኑ መሸ። ንፍሮውን እትዬ ዘይነባ በራሷ ድስት ስድስት ጊዜ እየቀቀለች አወጣችው። ከሆሳዕና ሁለት ሚኒባስ ሙሉ ዘመድ መጣ። በተራ በሉ። መጨረሻ ላይ የነበሩት ሻይ ጠጥተው ብቻ ተመለሱ። አጎቴ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ፣ "የሰው ለቅሶ ስታበላ የኖረች እህቴ ለራሷ ድስት አጣች?" አለ። ሰው ሁሉ ሰማው። እኔ መሬት አየሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ግርማ ልጁን ዳረ። በመስኮት አየሁ። የእድሩ ድስቶች፣ እማዬ በገዛ እጇ በቀይ ቀለም ቁጥር የጻፈችባቸው፣ በተርታ ተጥደው ይንተከተካሉ። ያን ቀን መስኮቱን ዘጋሁ። ከያኔ ወዲህ ኮሚቴውን ሰላም አላልኩም። በፊት ጋሽ ግርማ ነበር የምለው። ዛሬም በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን አንቱታ የለውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ውሃ መጣ! ከአምስት ቀን በኋላ። የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ቤት ነበርኩ። ባልዲውን፣ ጀሪካኖቹን፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ሞላሁ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩና ትልቁን ሰታቴ አጥቤ እሱንም ሞላሁት። ሃያ ሁለት ባልዲ። ወገቤ ተቆረጠ፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ክዳኑን ስከድነው እንደ ደወል ጮኸ። አሁን ማንም መጥቶ ብድግ ሊያደርገው አይችልም።

የማስቀርበት ምክንያት፦
አንድ፣ ለእማዬ ይገባታል።
ሁለት፣ የጠየቀኝ የለም።
ሦስት፣ ውሃ።
አራት፣ ለአጎቴ ሆሳዕና እልክለታለሁ። ይየው።
አምስት፣ አቶ ግርማ ሲፈልግ ይኑር።

የምመልስበት ምክንያት፦
የኔ አይደለም።

አምስት ለአንድ።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። አቶ ግርማ! በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። እንዴት ነሽ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ውሃ መጣላችሁ ወይ። ዙሪያውን ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ፣ ምናልባት ትናንት ለእድሩ የመጣ ዕቃ በስህተት እናንተ ጋ... አለ።

"ምን ዕቃ?" አልኩት።

"ድስቶች። ሹፌሩ ሦስተኛ ፎቅ አደረስኩ ስላለ ነው።"

"እኔ ያየሁት ዕቃ የለም" አልኩ። ድምፄ ጥርት ያለ ነበር። ለበሽተኛ "አያምም" ስል የምናገርበት ድምፅ ነው።

ይቅርታ ጠይቆ ዘጋ። ይቅርታ የጠየቀው ስለረበሸኝ ነው። ስለ መጋቢት አይደለም። ይሄን ሳስብ ደሜ እንደገና ፈላ። ስለ ድስት ለመጠየቅ ስልኬን አገኘው! እናቴ ስትሞት የት ጥሎት ነበር?

ዋሸሁ። እዚህ ልጻፈው፤ ደብተርን መዋሸት ትርፍ የለውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ አንዲት እናት ሁለቴ በመርፌ ወጋሁ። ደም ሥሯ ጠፍቶ አይደለም፤ ሐሳቤ ነው የጠፋው። "ዛሬ ምን ሆነሻል?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ሰሞኑን አፌ ላይ እውነት አይበረክትም።

ቤት ስደርስ እትዬ ዘይነባ በሯን ከፍታ ትጠብቀኛለች። አልተቀመጠችም፤ እኔንም ተቀመጭ አላለችኝም።

የእድሩ ኮሚቴ የጋሽ ደምሴን ሊብሬ ይዞባቸዋል። ድስቶቹ እስኪገኙ ዳማሱ ኮሙናሉ ጎን ቆሟል። ትናንትና ዛሬ አልሠሩም። ለኮሚቴው ያሉት እውነቱን ነው፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ የእትዬ ወርቄ በር ላይ፣ ጎረቤቷ እያየች። ጸሐፊው ዛሬ እትዬ ዘይነባን ሊጠይቃት መጥቶ ነበር።

"ምን አልሽው?"

"ዳማሱን አይቻለሁ፣ የቀረውን የቤቱን ባለቤት ጠይቁ አልኩት። ሁለተኛ ከመጣ ግን አልዋሽልሽም ትዕግስት። እኔ ሰጋጅ ሰው ነኝ።"

ጸሐፊው ምን እንዳላትም ነገረችኝ። "ነርሷ ምን አጥታ ትዋሻለች? ሹፌሩ ነው አንድ ቦታ ያራገፈው።" ይሄ ከሁሉም በላይ አናደደኝ። እኔ የተከበርኩ፣ እሳቸው ሌባ! ነጭ ጋውን ስለለበስኩ። እኔን ካመኑኝ ለምን እናቴን እንደዚያ አደረጓት?

"ስምሽን ትዕግስት ያለሽ ሰው ቀልደኛ ነው" ብላኝ በሯን ዘጋች።

ወንድሜ ናትናኤል ከሐዋሳ ሲደውል ሁሉን ነገርኩት። ሳቀ። "ያዣቸው! ካሳ ነው" አለ። ስለ ሹፌሩ ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። ከዚያ፣ "እንደሱማ ከሆነ... አንቺ ታውቂያለሽ" አለና ስለ ልጆቹ ማውራት ጀመረ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። አይጧ እኔ ልሁን እንዴ? አይጡ አቶ ግርማ ነው! እኔማ የበላሁት የለም። ውሃ ነው ያጠራቀምኩት።

ነገ እደውላለሁ። ወይም ነገ አስባለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ከላፍቶ እስከ ጎፋ ጭስ ብቻ ነው። መስኮት ዘግቼም ይገባል። ዓይኔ ቀልቷል፣ ጉሮሮዬ ይከረክራል። የቀን ፈረቃዬን ጨርሼ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ።

ጋሽ ደምሴ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

መጡብኝ ብዬ ወገቤን ያዝኩ። የምለውን ሁሉ አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ያሉት "እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ" ነው።

ገብተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፎቶዋን ከቴሌቪዥኑ በላይ አዩ። ከዚያ አለቀሱ። ትልቅ ሰው፣ ትከሻው የበር ስፋት ያለው፣ ጉልበቱ ላይ አጎንብሶ ተንሰቀሰቀ። አልሰማሁም ነበር አሉኝ። ረቡዕ ጠዋት አቶ ግርማ ቢሮ ውስጥ፣ "ወርቅነሽ ከሞተች ስምንት ወሯ ነው፣ ለማን ነው ያስረከብከው?" ሲላቸው ነው የሰሙት። መርዷቸውን የሰሙት እንደ ሌባ ሲመረመሩ ነው።

ስለ እማዬ አወሩ። አንድ ጊዜ ስንጥቅ ያለው ድስት ይዘው መጥተው እንዴት እንደመለሰቻቸው። ደረጃውን ሲወጡ ከላይ ሆና "ቀስ! ወገብህን!" እንደምትላቸው። እኔ ይሄን አላውቅም። ዕቃ ሲመጣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነኝ።

ጭሱ ስላሳላቸው ውሃ ላምጣ አልኩ። ቧንቧው ደርቋል። ጀሪካኖቹን ጨርሻቸዋለሁ። ያለኝ ውሃ አንድ ቦታ ነው። እማዬ ክፍል ገብቼ ክዳኑን ቀስ ብዬ አነሳሁ። አመለጠኝ። ጮኸ። እንዴት እንደጮኸ! ቤቱ በሙሉ አስተጋባ።

ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ እያዩኝ ነበር። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ድስት የጫኑ ናቸው። የሰታቴ ክዳን ድምፅ ይጠፋቸዋል? ብርጭቆውን ተቀበሉ። ጠጡ። ጨረሱት።

አሁን ይጠይቁኛል ብዬ ቆምኩ። "ነፍስ ይማር" ብለው ተነሱ። በር ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጭሱ እስኪበርድ መስኮቱን እንዳትከፍቺ አሉኝ። ወረዱ።

አልጠየቁኝም! ሊብሬያቸው ተይዞ፣ ሦስት ቀን ሥራ ፈትተው፣ ዕቃው ከግድግዳው ወዲያ መሆኑን እያወቁ አልጠየቁኝም። ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ "ዕቃዬን" አይባልም። በሩን ዘግቼ ትራሱን በቡጢ መታሁት። ቢጮሁብኝ ምን ነበረበት? ቢሰድቡኝ እኮ መልስ ነበረኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ውሃውን ቀዳሁ። ሃያ ባልዲ ወጣው፤ የቀረውን በጆግ። የእትዬ ዘይነባን በርሜል ሞላሁላት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ በሩን በእግሯ ከፍታ ያዘችልኝ ብቻ።

ነገ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነው። ድስቶቹን አሳልፌ እሰጣለሁ፣ ግን ዝም ብዬ አይደለም። ሁሉም ባለበት እናገራለሁ። ጋሽ ደምሴም ይኑሩ፤ እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን አግኝታ ጠራቻቸው።

የምናገረው፦
ድስቶቹ እኔ ጋ ናቸው፣ ዋሽቻለሁ። (ቶሎ ብዬ ልለፈው።)
እናቴ ዐሥራ አንድ ዓመት።
ስድስት ጊዜ የተቀቀለ ንፍሮ።
የአጎቴ ንግግር።
የልጅዎ ሠርግ።
አሁን ማነው ሌባ?

የመጨረሻዋን መስታወት ፊት አምስት ጊዜ አልኳት። በአምስተኛው አለቀስኩ። ነገ እዚያ ጋ ሳልደርስ ማቆም ሳይሻል አይቀርም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቅደም ተከተሉን ሳልረሳው ልጻፍ።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ኮሙናሉ ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆን ሰው አለ። ጋሽ ደምሴ በሩ አጠገብ ቆመዋል። አጀንዳ ሳይጀመር ተነሳሁ። ድስቶቹ እኔ ጋ ናቸው፣ ለአቶ ግርማ ዋሽቻለሁ፣ ጋሽ ደምሴ ያሉት በሙሉ እውነት ነው አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሽ ደምሴን ማየት አልቻልኩም።

ጸጥታው አላቆመኝም። እንዲያውም ገፋኝ። ንፍሮውን፣ ሁለቱን ሚኒባስ፣ አጎቴን፣ ሠርጉን ሁሉ አወጣሁት። ጮህኩ። "እናቴ የናንተን ሬሳ ሁሉ አበላች፤ የሷ ቀን ድስት ደበቃችሁባት!" አልኩ። የናንተን ሬሳ አይባልም፤ ብያለሁ።

አቶ ግርማ መነጽሩን አወለቀ። እኔን ሳይሆን ጠረጴዛውን እያየ፣ "ቁልፉ እሷ ጋ ነበር" አለ።

አልገባኝም። አስረዳኝ። ዕቃ ቤቱ ሁለት ጓጉንቸር ነበረው። የአንዱ ቁልፍ ሊቀመንበሩ ጋ፣ የሌላው ዕቃ ቤት ኃላፊዋ ጋ ይቀመጣል፤ ማንም ብቻውን እንዳይከፍት። ድንኳኑና አግዳሚው ያን ሰሞን ጥበቃው ቤት ነበሩ። ድስቶቹ ከነእማዬ ቁልፍ ተቆልፈው ቀሩ።

"ለምን አልጠየቃችሁኝም?" አልኩ።

ጸሐፊው ተነሳ። "ሁለት ጊዜ እስከ ድንኳኑ ድረስ ተልኬ ነበር" አለ። "አንቺ መሬት ላይ ተደፍተሽ ነበር። እናትሽ ሬሳዋ ሳይወጣ ኪሷን ፈትሺልኝ ልበልሽ? አፌ አልታዘዘልኝም።"

"ሰብራችሁ አትከፍቱም ነበር?"

የእድር ጓጉንቸር ያለ ቃለ ጉባኤ አይሰበርም አሉኝ። ቃለ ጉባኤ ደግሞ ያለ ሙሉ ኮሚቴ አይያዝም፤ ሙሉ ኮሚቴው ቀብር ላይ ነበር። የተሰበረው በአራተኛው ቀን ነው። ቃለ ጉባኤ! እናቴ መሬት እየገባች እነሱ ፊርማ ይጠብቃሉ።

ጸሐፊው ከመሳቢያው የተቆረጠውን ጓጉንቸር አወጣ። አልጣሉትም፤ ንብረት ነው፣ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቢጫ ነው።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ስቸኩል ሁልጊዜ እጄ ላይ የምትመጣው እሷ ናት። አስገባኋት። ዞረች።

ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ በእጄ ይዣት ስወጣ ስገባ ነበር። አሁን ሠላሳ ሰው ፊት ቁልፌን ይዤ ቆምኩ። ወለሉ ቢከፈት እገባ ነበር።

"ከአርባዋ በኋላስ?" አልኩ በመጨረሻ። "ከዚያስ? ስምንት ወር ሙሉ ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ጠፋ?"

ዛሬ ነገ ስንል ቆየን አለ አቶ ግርማ። ሰላምታም ስታቆሚ የባሰ ፈራን አለ። እንደፈራኝ ገባኝ። ሽበቱ ሙሉ የሆነ ሰው፣ እኔን። ንዴቴ ግን ወዲያው አልጠፋም። የት ይሂድ? ስምንት ወር ያደረበትን ቤት በአንድ ደቂቃ ይልቀቅ?

ቀጥለው የተናገሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው። "ዕቃው ይውረድ፤ ሊብሬዬም ይሰጠኝ፤ ነገ ጭነት አለኝ" አሉ። ሊብሬያቸውን እዚያው ሰጧቸው። ቀርቤ ይቅርታ አልኳቸው። እጄን ይዘው፣ "ውሃው ጥሩ ነበር" አሉኝ። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰታቴዎቹን እሳቸው በአንድ እጀታ፣ እኔ በሌላው ይዘን አወረድናቸው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ "ቀስ! ወገብዎን!" ብዬ ጮህኩ። ሁለታችንም ቆምን። ከዚያ ቀጠልን።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ጋሽ ደምሴ አስቆሙ። ሳይታይ አይገባም አሉ። እኔ ቀለበት የለኝም። በቢጫዋ ቁልፍ ኳ ኳ አደረግኩ። አንደኛው ሰታቴ ጥሩ ጮኸ። ሁለተኛውም። የብረት ድስቱ ግን ድምፁ ደረቅ አለብኝ። ገለበጥነው። ቂጡ ላይ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። "ይሄ ይመለሳል" አልኩ። ጋሽ ደምሴ ሳይከራከሩ ዳማሳቸው ላይ ጫኑት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቤቱ ሰፍቷል። እማዬ ክፍል ወለሉ ላይ የሰታቴው ክብ ምልክት ቀርቷል፤ ብወለውለውም አልለቀቀም።

ከሥራ መልስ ጋሽ ግርማና ባለቤታቸው መጡ። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው። ከስምንት ወር በኋላ! ምን እንደምል ስላልመጣልኝ፣ "አሁንም ተናድጄብዎታለሁ" አልኳቸው በር ላይ ሳሉ።

"ተናደጂ" አሉ። "ተቀምጬ ልስማሽ ነው የመጣሁት።"

ተቀመጡ። ተናደድኩ። ሰሙኝ። አንዳንዱን ደገምኩት፤ ድጋሚውንም ሰሙ። አንድ ቦታ ላይ ሚስታቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቆይቼ ዳቦና ሻይ አቀረብኩ። ሻዩ ውስጥ በስኳር ፋንታ ጨው ሳልጨምር አልቀረሁም፤ ማንም ምንም አላለም። ይሄ ሰፈር መቼም ዝም ማለት አይሰለቸውም።

ሊሄዱ ሲነሱ ጋሽ ግርማ በሩ ጋ ቆዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ አወጡ።

"ጓጉንቸሯ መዝገብ ላይ አለች፤ ቁልፏ የለችም" አሉ። "ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ልጠይቅሽ። ቁልፏን ትሰጪኛለሽ?"

የምትከፍተው ነገር የለም። ጓጉንቸሯ የተቆረጠች ናት። ቢሆንም ቁልፎቹን አምጥቼ ቢጫዋን ከቀለበቱ ላወጣት ታገልኩ። ቀለበቱ ጠንካራ ነው። ጥፍሬ ተሰበረ። ሁለተኛ ሞከርኩ። ከዚያ ተውኩት።

"ሌላ ጊዜ ይጠይቁኝ" አልኳቸው።

"እሺ፣ እጠይቅሻለሁ" አሉ።

ይጠይቁኝ እስቲ።